«ኮሚቴ ተቋቁሟል» መልስ አይደለም

ርዕሰ አንቀጽ





በአገራችን ጥያቄ ሲገፋና አቤቱታ ሲደራረብ ከየቢሮው የሚሰጥ አንድ የተለመደ ምላሽ አለ፤ «ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ውጤቱን በትዕግሥት ጠብቁ» የሚል። የመስጂድ ቦታ ሲጠየቅ ይህ ይባላል። የመቃብር ቦታ ሲጠየቅ ይህ ይባላል። እህታችን በሒጃቧ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ስትመለስም ይኸው ይደገማል። ስሙ ብቻ ይለያያል፤ አማካሪ ምክር ቤት፣ አጥኚ ቡድን፣ አጣሪ ኮሚሽን፣ ግብረ ኃይል፣ የምክክር መድረክ። ኮሚቴው የተቋቋመበት ቀን በዜና ይነገራል። ሥራውን የሚጨርስበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ በሰፊው መነጋገር ያስፈለገው ከየአካባቢው የሚደርሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ ነው። «በክልሉ መንግሥት የጥናት ኮሚቴ ውስጥ ግቡ ተብለናል፤ እንግባ ወይስ እንቅር?» የሚሉ ጀመዓዎች አሉ። «ገብተን ነበር፤ ሪፖርቱ የት እንደደረሰ ግን አናውቅም» የሚሉም አሉ። መልሳችን አጭር ነው። የአማካሪ አካል ዋጋ የሚለካው በአባላቱ ክብርና በስብሰባው ብዛት ሳይሆን ምክሩን የተቀበለው ባለሥልጣን መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው። «ይህን ተቀብያለሁ፣ ይህን አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ በተወሰነ ቀን በአደባባይ መናገር ያለበት ሰው ከሌለ፣ ኮሚቴው ጥያቄን ማስተኛ ፍራሽ ይሆናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ምክክርን አንጠላም፤ መጥላትም አንችልም። ሹራ የሚል ስም የተሰጠው ሙሉ ሱራ በቁርኣናችን ውስጥ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ እየወረደላቸው ሶሓቦቻቸውን ያማክሩ ነበር። በኡሑድ ዘመቻ የእርሳቸው ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር፤ ብዙዎቹ ሶሓቦች፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ወጥተን እንግጠም አሉ፤ እርሳቸውም ምክሩን ተቀብለው ወጡ። የጠየቁትን ሰው ቃል ሰምተው ወደ ተግባር መቀየራቸው ለመሪ ሁሉ ትምህርት ነው።

ከዚያም በኋላ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በፈጅር ሶላት ላይ ተወግተው ሞት አፋፍ ላይ ሳሉ የተተኪያቸውን ጉዳይ ለስድስት ሰዎች ሰጡ፤ ዑስማን፣ ዐሊ፣ ጠልሓ፣ ዙበይር፣ ሰዕድና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ)። የዚህን ሹራ አሠራር በጥሞና እንመልከት። አባላቱ እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሥራቸው አንድ ነው፤ ከመካከላቸው ኸሊፋ መምረጥ። ጊዜያቸው ሦስት ቀን ነው። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ በስብሰባው እንዲገኝ ተፈቀደለት፤ እንዲመረጥ ግን አልተፈቀደለትም፤ ሥልጣኑ በቤተሰብ እንዳይያዝ በሩ ተዘጋ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ራሱን ከዕጩነት አገለለ፤ ከዚያም መዲና ውስጥ እየዞረ የሕዝቡን ሐሳብ ጠየቀ። በመጨረሻም ውጤቱ በመስጂድ፣ በሕዝብ ፊት ታወቀ። ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ለአንድ ኮሚቴ ስም፣ ተግባር፣ ቀነ ገደብ፣ የጥቅም ግጭት መከላከያና በአደባባይ የሚታወቅ ውጤት ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከእኛ ዘመን ኮሚቴ የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

በመድረሳ ያስተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ኡስታዙ ለደረሳው የቤት ሥራ ይሰጣል። ደረሳው ሌሊቱን ሙሉ ጽፎ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ኡስታዙ ደብተሩን ተቀብሎ ሳያርም መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፈው፣ በማግስቱም ሌላ የቤት ሥራ ቢሰጥ፣ በሦስተኛው ቀን ልጁ ይጽፋል? ቢጽፍስ አስቦ ይጽፋል? የአገራችን መንግሥታት ለአያሌ ዓመታት ለሕዝቡም ለምሁራኑም የቤት ሥራ ሰጥተዋል። ደብተሩን የማረም ልማድ ግን አላዳበሩም።

ታሪካችንን እንይ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማ፣ የአገሪቱን ትምህርት ከሥር መሠረቱ የሚፈትሽ ትልቅ ጥናት ተካሄደ። የትምህርት ሴክተር ሪቪው ይባላል። የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ ከውጭ ድርጅቶች የመጡ አማካሪዎችም ተሳተፉበት። ጥናቱ መልካም ሐሳቦችም ነበሩት፤ ትምህርት ለገጠሩ ሕዝብ እንዲዳረስ ይመክር ነበር። ነገር ግን በየክፍሉ ጠመኔ ይዞ የሚቆመው መምህር በጉዳዩ አልተማከርኩም አለ፤ ወላጁም የድሃ ልጅ ከጥቂት ክፍሎች በላይ እንዳይማር የተሸረበ ነው ብሎ ጠረጠረ። የጥናቱ ይዘት በ1966 ዓ.ም. ሲወጣ መምህራን ተቃወሙ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑ የሥራ ማቆም አድማ ከታክሲ ነጂዎች አድማ ጋር ገጠመ፤ መንግሥትም የጥናቱን ተግባራዊነት ለማቆም ተገደደ። ባለጉዳዩን ከበር ውጪ አቁሞ የሚጠና ጥናት፣ ሐሳቡ ቢያምርም፣ የሚገጥመው ዕጣ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ እየሠራ ሳለ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ሕብረተሰብ፣ ክርስቲያን ወንድሞቹም ተቀላቅለውት፣ የሃይማኖት እኩልነትን ጥያቄ ይዞ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣ። ኮሚሽኑ ረቂቁን አዘጋጀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ረቂቁም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ለአሠርታት ሲንከባለል የመጣን ጥያቄ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ኮሚሽን መምራት ጊዜ እንደማይገዛ ያ ዓመት አስተምሮናል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአበው ተረት ለመንግሥታትም ይሠራል።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ሁከት የጠፋውን ሕይወት የሚያጣራ ኮሚሽን በፓርላማ አዋጅ ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሠራ፤ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን መዘገበ። ነገር ግን ሪፖርቱ ለፓርላማ ከመቅረቡ በፊት የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው ከአገር ወጡ፤ ከወጡም በኋላ አብዛኞቹ አባላት የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን በላይ ኃይል ተጠቅመዋል ብለው ድምፅ ሰጥተው እንደነበር ተናገሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን የመንግሥትን እርምጃ ሕጋዊ የሚል ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ አጣሪ አካል በአዋጅ ቢቋቋም፣ ዳኞችና የተከበሩ ሰዎች ቢቀመጡበት እንኳ፣ የደረሰበትን እውነት ያለ ፍርሃት በራሱ አንደበት ለሕዝብ መናገር ካልቻለ ሥራው ግማሽ ላይ እንደሚቀር ነው።

ከለውጡ በኋላም የኮሚሽን እጥረት አልነበረብንም። በ2011 ዓ.ም. የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1101/2011፣ የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ተቋቋሙ። ስማቸው የተከበረ ሰዎች ተሾሙባቸው። እነርሱ ሥራ ላይ ሳሉ አገሪቱ ወደ ጦርነት ገባች። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 አሥራ አንድ ኮሚሽነሮች ያሉት የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን መጣ። የሥራ ዘመኑ ሦስት ዓመት ተብሎ ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ተራዝሟል። በነዚህ አካላት የሠሩትን ሰዎች ልፋት አንንቅም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ የወሰን ጥናቱን የተቀበለው ማን ነው? ምንስ ብሎ መለሰ? የእርቁን ሥራ ውጤት በየቀበሌው ያለ ተራ ሰው አንብቦታል? ከአንድ ኮሚሽን ወደ ሌላው የምንሸጋገረው የቀደመውን ደብተር ሳናርም ከሆነ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው።

በሌላ በኩል ፍሬ ያፈሩም አሉ፤ ፍትሕ እነርሱንም እንድናነሳ ያስገድደናል። በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ነጻ ባለሙያዎችን ሰብስቦ አፋኝ የተባሉ ሕጎችን አጠና። የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። የኮሚቴዎቻችን አባላት የተፈረደባቸው በዚያው በ652 መሆኑን አንባቢ አይዘነጋም። አዲሶቹ ሕጎች ምንም እንከን የላቸውም አንልም። ነገር ግን ጥናቱ በረቂቅ፣ ረቂቁም በአዋጅ ተቋጭቷል፤ ሕዝብ ሊያነበውና ሊተቸው የሚችል ነገር እጁ ገብቷል።

የራሳችንም ታሪክ ሁለቱን መንገዶች ያሳያል። በ2004 ዓ.ም. ሕዝበ ሙስሊሙ በአወሊያ አሥራ ሰባት አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መጫኑ ይቁም፣ የመጅሊስ አመራር በሕዝቡ ነጻ ምርጫ ይመረጥ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ሕዝብ የወከለው አካል ከመንግሥት ጋር ተነጋገረ፤ የመጨረሻው መልስ ግን በሐምሌ 2004 እስር ሆነ። ከዚያ ስድስት ዓመት ገደማ አለፈ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከመጅሊሱ፣ ከኮሚቴውና ከዑለማና ምሁራን የተውጣጣ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ይህ ኮሚቴ የተለየ ያደረገው ተከራካሪዎቹን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡ ነው፤ የመምህራኑ ጥናት የጎደለው ይህ ነበር። ሥራው ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ስምምነት ደረሰ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጣጣ አልቀረም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጥናት በስምምነት፣ ስምምነት በሕግ ሲታሰር ምን እንደሚመስል በዓይናችን አይተናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ መንግሥትን «መልስ የመስጠት ግዴታ ግባ» ማለት የማይቻል ጥያቄ ነው? አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ አድርጎታል። በአንቀጽ 82 የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አሥራ አንድ አባላት አሉት። ጉባኤው የመጨረሻ ውሳኔ አይሰጥም፤ ትርጉም ያስፈልጋል ሲል የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። በሥራው አማካሪ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንቀጽ 83 የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ጉዳዩ በደረሰው በሠላሳ ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል። ምክር ሰጪ አለ፣ ምክር ተቀባይ አለ፣ ቀን አለ። ይህ ለአገሪቱ ከፍተኛ ጉዳይ ከተቻለ፣ አንድ የከተማ አስተዳደር ስለ መቃብር ቦታ ላስጠናው ጥናት የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከፍርድ ቤት ጋርም እናነጻጽረው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርት የታገዱት ተማሪዎች ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። ፍርድ ቤት ይዘገያል፣ ይሳሳታልም፤ ነገር ግን መዝገብ ቁጥር አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፣ ይግባኝም ይባልበታል። አጥኚ ኮሚቴ ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ በሕግ የተረጋገጠ መብት ሲጣስ «በጥናት ላይ ነው» የሚለው ቃል እንዲያዘናጋን አንፍቀድ። ጥናት የሚያስፈልገው ያልታወቀ ነገር ነው። አንዲት ተማሪ እምነቷን ጠብቃ የመማር መብት እንዳላት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ተማሪዋም ጥናቱ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ከክፍል ውጪ ከቆየች፣ ያ ዓመት በየትኛውም ምክረ ሐሳብ አይመለስላትም።

አንዳንድ ወንድሞች «እንግዲያው ከነአካቴው አንግባ» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባናል። ነገር ግን ባዶ የተተወ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ በስማችን የሚናገር ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ሰነዱም «የሙስሊሙ ተወካዮች ተሳትፈውበታል» ተብሎ ይወጣል። ሌሎች ደግሞ «ተጋብዘናል፤ አሁን ዝም ብለን እንጠብቅ» ይላሉ። ይህም አያዋጣም፤ ጥያቄውን ወደ ኮሚቴው ያመጣው የሕዝቡ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ሲጠፋ ኮሚቴውም ይተኛል። መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው፤ በጽሑፍ ውል ገብቶ መሳተፍ፣ ሰላማዊ ጥያቄውንም አለማቋረጥ።

ስለዚህ በወረዳም ሆነ በከተማ፣ በክልልም ሆነ በፌዴራል ደረጃ ግብዣ የሚደርሰው ጀመዓ ሁሉ እሺ ከማለቱ በፊት አምስት ነገሮችን በደብዳቤ ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው የሚያጠናው ጥያቄ በጽሑፍ ይሰጠን። «የሃይማኖት ጉዳዮችን በተመለከተ» የሚል ደመና ሳይሆን፣ «በዚህ ቀበሌ የመቃብር ቦታ ለምን አልተሰጠም፣ መቼስ ይሰጣል» የሚል የሚጨበጥ ጥያቄ ይሁን።

ሁለተኛ፣ አባላቱ እነማን ናቸው? ማን መረጣቸው? የሚጠናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ራሱ ሰብሳቢ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ተከሳሹን ዳኛ እንደማድረግ ነው። ከእኛ በኩል የሚገባውን ሰው ጀመዓው ራሱ ይምረጥ። ሴቶችን የሚመለከት ጉዳይ ያለ ሴቶች አይጠና።

ሦስተኛ፣ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ ካለፈ ኮሚቴው ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ያስረዳ።

አራተኛ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። በሐሳብ የተለየ አባል ካለ የልዩነት ሐሳቡ አብሮ ይውጣ። የ1998ቱ ኮሚሽን አባላት ይህ በር ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ እውነቱን ለመናገር ከአገር መውጣት ባላስፈለጋቸው ነበር።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ባለሥልጣን በስም ይታወቅ፤ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥም አስቀድሞ ይፈርም። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው።

ለሚገቡት ወንድሞችና እህቶችም አንድ አደራ አለን። ወንበሩ አማና ነው። አበሉና ሻይ ቡናው፣ ከባለሥልጣን ጎን ተቀምጦ የሚነሳው ፎቶ፣ ማን እንደላካችሁ አያስረሳችሁ። በእያንዳንዱ ስብሰባ የተባለውን መዝግቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት። ቢያንስ በየወሩ ለላካችሁ ጀመዓ የደረሳችሁበትን ንገሩ። ሰው ሁሉ ሊሰማው የማይገባ ስም ወይም የቤተሰብ ምስጢር ካለ ይጠበቅ፤ የጉዳዩ አካሄድ ግን ምስጢር አይደለም።

ይህን ሚዛን ለመንግሥት ብቻ ብናስቀምጠው ግን ፍትሕ አይሆንም። መጅሊሶቻችንም፣ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም፣ የመድረሳ ቦርዶቻችንም «እናጣራለን» ብለው የሚያስቀምጧቸው አቤቱታዎች አሉ። ደመወዙ የቆየበት ኡስታዝ፣ የመስጂዱ ሒሳብ ይነገረን ያለ ሰጋጅ፣ የመማሪያ ቦታ ያጡ እህቶች መልስ ይጠብቃሉ። ከሌላው የምንጠይቀውን ቀነ ገደብና ይፋነት በራሳችን ቤት ካልጀመርነው፣ ጥያቄያችን ክብደት ያጣል። እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ እያንዳንዱ ጀመዓ ያልተመለሱ አቤቱታዎችን ዝርዝር አውጥቶ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢያስነብብ፣ ከመንግሥት ጋር የምንነጋገርበት አንደበት ይስተካከላል።

ለክልልና ለከተማ አስተዳደሮችም የምንለው ይህ ነው። ኮሚቴ ስታቋቁሙ አንቃወምም፤ እንተባበራለን። መረጃ እንሰጣለን፤ ሽማግሌ እንልካለን፤ ሐሳብ እናዋጣለን። እናንተ ደግሞ የተጻፈውን ደብተር አርሙ። የማትቀበሉት ምክር ካለ «አልተቀበልንም» በሉን፤ ምክንያቱን ከሰማን እንከራከራለን፣ ወደ ሕግም እንሄዳለን። የሚያስቆጣው «አይ» መባል ሳይሆን ዓመት ሙሉ ምንም አለመባል ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ ሳምንት በየአካባቢያችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ለጥያቄያችሁ «ኮሚቴ ተቋቁሟል» የተባላችሁበትን ቀን አስታውሱና ጻፉ። ደብዳቤው ካለ ቅጂውን አውጡ። ከዚያም ከታመኑ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቢሮው ሂዱና በትሕትና፣ ግን ቀጥ ብላችሁ፣ «ኮሚቴው ምን አለ? እናንተስ ምን ወሰናችሁ? መቼ ይነገረናል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤያችሁንም ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ። አላህ ሐቅን የሚናገር አንደበት፣ ሐቅን የሚሰማ ጆሮ ለሁላችንም ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱሏሂ ወበረካትሁ!